የነቀዝ እናት

ሰው ሁሉ ነቀዝን ከጎተራው ለማጥፋት አሳሩን በሚበላበት ዓለም፣ እሷ ነቀዝ ታረባ ነበር። ያውም በደሞዝና በማኅተም። የመንደሩ ሰው ይህን የሰማ ዕለት ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ስቆም አላበቃ፣ «የነቀዝ እናት» የሚል ስም አወጣላት። ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቷት የራሷ ልጅ አልነበራትምና ስሙ መጀመሪያ ላይ ቆርቁሯት ነበር። በኋላ ለመደችው። መንገድ ላይ «ልጆችሽ ዛሬ ቁርስ በሉ?» ሲሏት «ጠግበው ተኝተዋል» ትላለች።

እርግጥ የእሷ ነቀዝ የእህሉ ነቀዝ አይደለም፤ ዘመዱ ነው ቢባል ይቀላል። ከሩቅ አገር በእርጥብ ጥጥ ተጠቅልሎ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ከቢሮ ቢሮ በተንከራተተ ፈቃድ የገባ፣ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ቡናማ ጥንዚዛ ነው። በዚህች ምድር ላይ የሚያውቀው ምግብ አንድ ብቻ ነው፤ እምቦጭ። ጎመን ብትሰጡት ጦሙን ያድራል እንጂ ዞር ብሎ አያየውም። ትልቁ ቅጠሉን ይፍቃል፣ ትሉ ግንዱን ሰርስሮ እስከ ሥሩ ይወርዳል። እምቦጩ ታዲያ በአንድ ቀን አይሞትም። መጀመሪያ ማበብ ይተዋል፣ ከዚያ ያጥራል፣ ይቦካል፣ ከዓመታት በኋላም ይሰጥማል። ሰውን ያስመረረው ይህ «ከዓመታት በኋላ» የሚለው ነገር ነበር።

እምቦጩ እንዴት እንደመጣ ሁሉም ያውቃል፤ እኔ ነኝ የሚል ግን የለም። ግድቡ ተመርቆ ብዙ ዓመት እንደቆየ፣ አንድ ሰው የእንግዳ ማረፊያውን ኩሬ ላስውብ ብሎ ሐምራዊ አበባ ያለው የውሃ ተክል ተከለ። አበባው ያምራል፤ መቼም ያማረን አስቀያሚ ነው አይባልም። በአንድ ክረምት ኩሬው ሞልቶ ወደ ሐይቁ ፈሰሰ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ የከበደ ምሥጢር የለውም።

ከዚያ በፊት ሐይቁ ሰው ሠራሽ ይሁን እንጂ ደግ ሐይቅ ነበር። ውሃው ሲጠራቀም ጫካውንና ሦስት መንደር ውጧል። አባቷ ከተዋጡት መንደሮች በአንዱ ገበሬ ነበር፤ እርሻው ሲሰጥም ግን ተቀምጦ አላለቀሰም። መረብ ፈልጎ፣ ጀልባ ጠርቦ፣ በሰጠመው እርሻው ላይ ዓሣ ማጥመድ ጀመረ። «ድሮም የማርሰው እዚሁ ነበር፣ አሁን በጀልባ ሆነ እንጂ» ይል ነበር። በበጋ ውሃው ሲሸሽ ጭቃው ላይ ሣር ይበቅላል፤ ከብቱ ይግጣል፣ ሴቶቹ ደንገል ያጭዳሉ፣ ሽመላውና ይብራው ዳር ዳሩን ይለቅማሉ። በክረምት ውሃው ሲመለስ ዓሣው በዚያው በራሰ ሣር ውስጥ ይራባል። ሁሉም ተራውን ጠብቆ የሚበላበት ቦታ ነበር።

የሰጠመው ጫካ ግን ዝም ብሎ አልተኛም። ጉቶው ከውሃው ሥር ቆሞ መረብ ይቀድ ነበር። ስለዚህ ዓሣ አስጋሪዎቹ አንድ ልማድ አበጁ። መረቡ የተያዘበት ሰው እዚያው ቦታ እንጨት ይተክልና ቀይ ጨርቅ ያስርበታል። «እዚህ ክፉ ነገር አለ፣ ጊዜ ያለህ ንቀልልኝ» ማለት ነው። ጨርቁን ያየ ሁሉ ገመዱን አውጥቶ ይስባል እንጂ የማን ነው ብሎ አይጠይቅም። እሷም ይህን ያወቀችው ፊደል ሳትቆጥር ነው።

እንግዲህ የጀልባ መቆሚያው በእምቦጭ ጥርቅም ብሎ ከተዘጋ አራት ዓመት ሞልቷል። አረንጓዴው ከዳር እስከ ዳር ተነጥፎ ውሃ የሚባል ነገር አይታይም። ከሥሩ ያለው ዓሣ አየር አጥቶ ሸሽቷል፤ የተረፈው የወባ ትንኝ ነው። ጀልባዎቹ ደረቅ ላይ ወጡ፣ ገሚሶቹ ተፈልጠው ማገዶ ሆኑ። አባቷ ግን በየጠዋቱ ሁለት ባልዲ ውሃ ተሸክሞ ይሄድና የጀልባው ሆድ ውስጥ ያፈሳል። እንጨት ደርቆ ከከረመ ይሰነጠቃል፤ ከተሰነጠቀ አለቀለት። «በሽተኛዬን ላጠጣ» ብሎ ይወጣል፣ «ዛሬም ነፍሷ አለ» ብሎ ይመለሳል። ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው። ከመሞቱ በፊት አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ያቺን ጀልባ ውሃ ላይ ማየት ነበር የሚፈልገው። የሴት ልጁ ልፋት ሁሉ በወረቀት ላይ ለሐይቁ ነው ይባል እንጂ በልቧ ለዚህ ነበር።

የማርቢያው ቤት ከመቆሚያው ከፍ ብሎ የተሠራ የቆርቆሮ ቤት ነው። ስድስት የሲሚንቶ ገንዳ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማጉያ መነጽር፣ እግሩ በሽቦ የታሰረ አንድ ወንበር። ለወባ ትንኝ መድኃኒት የተነፋበት ልብስ ለብሶ የገባ ሰው አራስ ነቀዞቿን ይፈጅብኛል ብላ ስለምትሰጋ በሩን ለማንም አትከፍትም። ሰው ደግሞ ያላየውን ማጋነን ይወዳል። ሐይቅ ሙሉ ቅጠል የሚበላ ነቀዝ ቢያንስ እንቁራሪት ያህላል ተባለ። ጥርስ አለው ያለም አልጠፋ።

አንድ ሰው ብቻ አስገብታ አሳይታለች፤ አባቷን። ገላውን ታጥቦ፣ የታጠበ ልብስ ለብሶ፣ ሐኪም ቤት እንደሚገባ ሰው ኮፍያውን አውልቆ ገባ። ቅጠሉን ወደ ብርሃኑ አስጠግታ «ይኸውልህ አባዬ፣ እዚህች ጋ፣ ጭረቱ አጠገብ» አለችው።

አጎንብሶ ብዙ ቆየ።

«አየኸው?»

«አየሁት እንጂ! ዓይኔን ግንባር ያድርገው! እንዴት ያለ ሸጋ ፍጥረት ነው ባክሽ!»

ደስ ብሏት ሳቀች። ማታ ለወንድሟ በስልክ «አባዬ አይቶ አመነ» ብላ ነገረችው።

ነቀዞቹን ከገንዳ ወደ ሐይቅ ያወረደቻቸው ከስምንት ወር በፊት ነው። ከፋፍለሽ አትበትኚ፣ ሁሉንም አንድ ቦታ ልቀቂ ብለዋታል መምህሮቿ፤ ጥቂት በጥቂት ከተበተኑ አይራቡም። ስድስቱንም ገንዳ ሙልጭ አድርጋ፣ ከመቆሚያው ፊት ለፊት አርባ እርምጃ በአርባ እርምጃ የሆነ ቦታ ላይ ለቀቀቻቸው። ዙሪያውን እንጨት ተከለች። ቢጫ ጥብጣብ ላኩልኝ ብላ ጽፋ ነበር፤ የደረሳት አንድ ጣቃ ቀይ ጨርቅ ሆነ። ቀይ ለቢሮ ሰው «አትንካ» ማለት ነው። እሷም በዚያን ሰዓት የቢሮ ሰው ነበረች፤ ጨርቁን ቀዳ ቀዳ በየእንጨቱ አሰረችው። ከተማ ሄዳ የተማረችው ሁሉ ጭንቅላቷ ውስጥ ነበር፣ ልጅ ሆና ያወቀችው አንድ ነገር ብቻ በዚያች ቀን አልነበረም።

ነቀዞቹም አላሳፈሯት። በስድስተኛው ወር የጨርቁ ክልል ውስጥ ያለው እምቦጭ ማበብ አቆመ። በስምንተኛው ወር ቅጠሉ ቡናማ ሆነ፣ ግንዱ ሲነኩት ይሟሽሽ ጀመር። ጎንበስ ብላ ስትቆጥር በአንዱ ተክል ላይ ዘጠኝ ነቀዝ አገኘች። ጭቃው ውስጥ እስከ ጉልበቷ ቆማ ብቻዋን ጮቤ ረገጠች።

የግድቡ ጽሕፈት ቤት ግን ታክቶታል። ኃላፊው ሐሙስ እመጣለሁ አለ፤ በቦታው ነቀዙ ሥራ መጀመሩን በዓይኑ ካላየ ሥራው ይዘጋል፣ በምትኩ በጀልባ መርዝ ይረጫል። መርዝ እምቦጭን በሳምንት ይገድላል፤ የተገደለው ሁሉ ግን አንዴ ሰጥሞ ሲበሰብስ ውሃውን አየር ያሳጣዋል፣ የተረፈውንም ዓሣ ይፈጀዋል። ይህን በአራት ሪፖርት ጽፋለች። አራቱንም ጆሮ ዳባ ልበስ ብለዋቸዋል።

ከሐሙሱ በፊት መረጃዋን ይዛ ዋናው ቢሮ እንድትቀርብ ተጠራችና ማክሰኞ ጠዋት ወደ ከተማ ተነሳች። አባቷ ቦርሳዋን ይዞ እስከ አውቶቡሱ ሸኛት።

«ይሄ ሐሙስ የሚመጣው ሰው ምን ሊያይ ነው?» አላት።

«ጨርቅ ያሰርኩበትን ቦታ ነዋ። እዚያ ለውጥ ካላየ ሊዘጋው ነው፣ አባዬ። መርዝ ሊረጩ ነው፣ የተረፈው ዓሣ ሊያልቅ ነው።»

«ካየስ?»

«ካየማ ይቀጥላል። ያንተም ጀልባ አንድ ቀን ትወርዳለች።»

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። አውቶቡሱ ከተነሳ በኋላም ቆሞ ሲያስብ በኋላው መስታወት አየችው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ስትመለስ መጀመሪያ የሸተታት ጭስ ነው። ከአውቶቡሱ ወርዳ ቁልቁለቱን ስትጀምር መቆሚያው በሰው ተሞልቷል፤ አርባ ሰው ቢቆጠር ነው። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ወንዶቹ እስከ ወገባቸው ጭቃ ሆነው ይስቃሉ። ዳርቻው ላይ አምስት ትልልቅ የእምቦጭ ክምር ይጨሳል። አረንጓዴው መሀል ላይ ደግሞ፣ ልክ ጨርቆቹ በነበሩበት ቦታ፣ ጥርት ያለ ውሃ ሰማይ ሰማይ እያየ ተኝቷል። በውሃው ላይ የአባቷ ጀልባ፣ በጀልባዋ ላይ አባቷ ተቀምጧል። መቅዘፊያውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ እንደ ሙሽራ ፈገግ ብሏል።

«ልጄ! ነይ እይ!» ብሎ ተጣራ፣ መምጣቷን ሰዎቹ ሲነግሩት ሰምቶ። «ጨርቅ ያሰርሽበትን አንድ ሳናስቀር ነቀልንልሽ!»

ጨርቁ። በእሷ እጅ የታሰረው ቀይ ጨርቅ።

ደንገል አጫጇ ጎረቤታቸው እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች መጣችና አቀፈቻት። «አባትሽ ቤት ለቤት ዞሮ ነው የቀሰቀሰን። 'ልጄ ጨርቅ ካሰረች ስምንት ወር ሙሉ አንድ ሰው አልደረሰላትም፣ አታፍሩም?' አለን። እውነቱን ነው፣ አፈርን። ደግሞ እንዴት እንደቀለለን ብታይ! ሌላው ቦታ አንዱን ለመንቀል ሦስት ሰው ይፈልጋል። የአንቺ ግን ስንነካው ነው ግንዱ እጃችን ላይ የሚቀረው።»

«አቃጠላችሁት?» አለች።

«እንዳይመለስ ነዋ። እሳቱ ሲሞቀው ከክምሩ ውስጥ ጥቃቅን ጥንዚዛ እየወጣ እግራችንን ወረረን እኮ! ረገጥነው፣ ረገጥነው፣ የተረፈውን እሳት በላው።» ሴትዮዋ እግሯን አራገፈች። «መጀመሪያስ ደንግጠን ነበር። 'የልጅህ ነቀዞች እንዳይሆኑ?' ብለን አባትሽን ጠየቅነው፤ ያየ እሱ ብቻ ነው አይደል? አንዱን መዳፉ ላይ አድርገንለት ነበር። 'ኧረ አይደሉም፣ የእሷን አውቃቸዋለሁ' አለን።»

የነቀዝ እናት ቀና ብላ አባቷን አየች። አባቷም ወደ እሷ አቅጣጫ እጁን እያውለበለበ ነበር፤ ወደ እሷ ግን አልነበረም፣ ከእሷ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ወደ ቆመው ምሰሶ ነበር። የአባቷ ዓይን እንደማያይ ያን ጊዜ ገባት። ቀደም ብሎ ሊገባት ይገባ ነበር፤ ሻይ ሲቀዳ ጣቱን ብርጭቆው ውስጥ ሲያስገባ አይታ፣ ስልኩን ከጆሮው እንጂ ከዓይኑ እንደማያስጠጋ አይታ፣ እርጅና ነው ብላ አልፋዋለች። ሌላ ሰው ቢሆን በቆሻሻ ስድብ ታጥበው ነበር። አባቷን ምን ትበለው? ክምሩ አጠገብ ተንበርክካ አመዱን በእንጨት ገለበጠችው። ሰዎቹ አመድ መገላበጧ ገርሟቸው እያዩ «ደክሟት ነው» ተባባሉ።

ሐሙስ ጠዋት ኃላፊው መጣ። ክፉ ሰው ቢሆን ነገሩ ይቀልላት ነበር፤ አልነበረም። ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ ጭቃው ውስጥ ገባ። ግን ምን ይይ? በአንድ ቀን ነፋስ ከሌላው ወገን ያመጣው ትኩስ እምቦጭ ያቺን ጥርት ያለች ውሃ ሸፍኗታል፤ አንዳንዱማ አበባም ይዟል። የአባቷ ጀልባ መሀሉ ላይ ተቀርቅራ ቀርታለች። ከክልሉ ዳር ዳር ሁለት ሰዓት ፈልገው አንድም ነቀዝ አላገኙም። ገንዳዎቹን አሳይኝ አላት፤ ባዶ ገንዳ አሳየችው።

«ይህን ማን ነቀለው?» አላት ቀስ ብሎ።

አባቷ የታጠበ ሸሚዙን ለብሶ ዳርቻው ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሰዎቹም ከኋላው አሉ።

«እኔ ነኝ ያስነቀልኩት» አለች። «ተሳስቼ ነው።»

ኃላፊው «አንቺ?» አለና ከንፈሩን መጠጠ። ከዚያ ጻፈ። የመርጫ ጀልባው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ እንደሚመጣ፣ የማርቢያውም ቤት ቁልፍ እንድታስረክብ ነገራት።

መኪናው እንደሄደ አባቷ እየተደናበረ መጣ። «ምን አለ? ደስ አለው?»

«አመስግኑልኝ ብሏል፣ አባዬ።»

«አላልኩሽም!» አለና ጭኑን መታ።

መርጫው በሰዓቱ መጣ። በሳምንት ውስጥ አረንጓዴው ቡናማ ሆነ። ሽማግሌው ሰው ሲያወራ ሰምቶ «ነቀዞችሽ ናቸው አይደል?» አላት፤ «አዎ» አለችው፤ ከዚያ በላይ መዋሸት አልቻለችምና ወደ ጓዳ ገባች። በሁለተኛው ሳምንት እምቦጩ መስጠም ጀመረ፣ ውሃው ጠቆረ፣ ሽታው ቤት ድረስ ገባ። በሦስተኛው ሳምንት ዓሣው ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፈፈ። ጣት የምታህል ጫጩት ሳትቀር። ሽመላዎቹ አንድ ቀን ውለው፣ ከዚያ ተነሥተው ሄዱ።

አባቷ በዚያን ቀን ጀልባዋን ይዞ ወጣ። የሚከለክለው እምቦጭ የለም፤ አራት ዓመት የለመነው ውሃ ከፊቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እሷ ዳር ቆማ ታየዋለች። እጁን ወደ ውሃው ይሰድና አንዱን የሞተ ዓሣ ይነካል፣ ይተዋል። ሌላውን ይነካል፣ ይተዋል። መቅዘፉን ትቶ ቁጭ አለ። ሲመለስ ጀልባዋን በጎረቤት እርዳታ ወደ ደረቁ አወጣት።

በማግስቱ ቁልፉን ልታስረክብ ዕቃዋን ስትሰበስብ የማርቢያውን በር አንኳኳ። ኮፍያውን አውልቆ ገባ።

«አንድ ቀርቶልሽ እንደሆነ እጄ ላይ አድርጊልኝ» አላት።

መሳቢያው ውስጥ ለማሳያ ያደረቀቻቸው ሦስት ነበሩ። ለምን እንደሰጠችው እስከ ዛሬ አታውቀውም፤ የለኝም ብትል በቃ ነበር። አንዱን አውጥታ መዳፉ ላይ አኖረችው። ሽማግሌው በአውራ ጣቱ አንከባለለው። ከዚያ በሁለት ጣቱ ይዞ ቀስ ብሎ ዳሰሰው፤ ጀርባውን፣ አፍንጫው ጫፍ ያለችውን ሹል ነገር። እጁ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ይሄ ነው?»

«አዎ፣ አባዬ።»

ውጭ ሰው እየተጠራራ ያልፋል። እግሩ በሽቦ በታሰረው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ጠይቀውኝ ነበር» አለ። «መዳፌ ላይ አድርገውልኝ ጠይቀውኝ ነበር። አየሁት ብዬሽ ስለነበር፣ አላውቀውም ማለት አፈርኩ።»

«ጨርቁን ያሰርኩት እኔ ነኝ» አለችው። «ቀዩን ጨርቅ ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ አባዬ።»

ይስማት አይስማት አላወቀችም። ነቀዙን መልሶ አልሰጣትም። ጨብጦት ወጣ።

በነጋታው ፀሐይ ከፍ ስትል ሁለቱ ባልዲዎች ደጃፉ ላይ ደርቀው እንደተቀመጡ ናቸው። አባቷ አጠገባቸው ተቀምጦ ወደ ሐይቁ ዞሯል። እሷ ባልዲዎቹን አነሣች፣ ከበርሜሉ ሞላቻቸው፣ ወደ ጀልባዋ መሄድ ጀመረች።

«ተዪያት» አላት፣ ዞር ሳይል። «ትሰንጠቅ።»